ከበር እስከ መስኮት፦ ጠባብ ቤትን አስፍቶ መኖር

ሥራዬ መጋረጃ መስፋት ነው። ደሴ ውስጥ 14 ዓመት ሰፍቻለሁ። ሜትሬን በቦርሳዬ ይዤ ከሸዋ በር እስከ ቧንቧ ውሃ፣ ከሆጤ እስከ ሰኞ ገበያ፣ ሲጠሩኝም የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ድረስ ሰው ቤት እገባለሁ። መስኮት ለመለካት መጀመሪያ መስኮቱ ጋ መድረስ አለብኝ፤ ስለ ቤት ጥበት የማውቀውን ሁሉ ያስተማረችኝ ያቺ ከበር እስከ መስኮት ያለች መንገድ ናት። ባለ ሁለት መኝታ ሆኖ ሶፋ ታክኬ፣ ጠረጴዛ ገፍቼ፣ በቡፌውና በቲቪ ማስቀመጫው መሃል በጎኔ ሾልኬ መስኮቱ ጋ የምደርስበት ቤት አለ። ስቱዲዮ ሆኖ ደግሞ ከበሩ ቀጥ ብዬ ስድስት እርምጃ ተራምጄ መስኮቱን የምከፍትበት ቤት አለ። «ይቅርታ እህቴ፣ ቤታችን ትጠባለች» የምትለኝ ሁልጊዜ የመጀመሪያዋ ናት።

እኔም ለስድስት ዓመት «ጠበበን» ስል ነበር። ቤታችን ኮንዶሚኒየም ናት፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። ሳሎኗን በራሴ ሜትር ለክቻታለሁ፦ ወርዷ 3 ሜትር ከ40፣ ርዝመቷ 4 ሜትር ከ20። መኝታ ቤቷ 3 በ3 ናት። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር አራት ሆነን እንኖርባታለን፤ ወሎ ነንና እንግዳ አይጠፋም። ግድግዳ አላፈረስንም፣ አንድ ካሬ አልጨመርንም። ዛሬ ግን አዲስ ሰው ሲገባ «ባለ ስንት መኝታ ናት?» ብሎ ይጠይቃል። ያደረግነውን፣ በደንበኞቼም ቤት ሠርቶ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በሩ ላይ ቁሙ

ቀን ላይ፣ ቤቱ እንደ ወትሮው እንዳለ፣ ከውጭ ገብታችሁ በሩ ላይ ቁሙ። አትራመዱ። ዓይናችሁ መጀመሪያ የት ላይ አረፈ? የሶፋ ጀርባ ላይ ካረፈ ቤታችሁ አንድ ሜትር ተኩል ናት ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዓይን አይቆጥረውም። መስኮቱ ድረስ ሄዶ፣ መስኮቱንም አልፎ የጎረቤት ጣሪያ፣ ከጣሪያው ወዲያ የጦሳን ተራራ ካየ ግን ቤታችሁ እስከ ጦሳ ትደርሳለች። ዓይን ካሬ ሜትር አያውቅም። የሚያውቀው ሳይሰናከል የሄደበትን ርቀት ነው። ከዚህ በኋላ የምላችሁ ሁሉ ለዚህ ለዓይን መንገድ ሲባል የሚደረግ ነው።

ቀጥሎ ከልጆች ደብተር ባለ ካሬውን አንድ ገጽ ቅደዱ። አንዷን ትንሽ ካሬ 10 ሳንቲም አድርጋችሁ ቁጠሯት፤ የእኔ ሳሎን ወርዱ 34፣ ርዝመቱ 42 ካሬ ይሆናል ማለት ነው። በሩ የሚከፈትበትን ሩብ ክብ ሳይቀር ሣሉት። ከሌላ ወረቀት ደግሞ ሶፋውን፣ ጠረጴዛውን፣ ቡፌውን በዚያው ልክ ቆርጣችሁ ወረቀቱ ላይ አንቀሳቅሷቸው። ባለቤቴ መጀመሪያ የልጅ ጨዋታ መስሎት ነበር፤ በኋላ እኔ ተኝቼ እሱ እኩለ ሌሊት ድረስ ሲያንቀሳቅስ አመሸ። ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ከመሞከር ወረቀት መግፋት ይሻላል። ሦስት ልክ ያዙ፦ ሰው የሚመላለስበት ዋና መንገድ ከ80 ሳንቲም አይነስ፣ በመቀመጫና በጠረጴዛ መሃል 40 ሳንቲም ይኑር፣ በር ደግሞ ግድግዳው እስኪነካ ድረስ ይከፈት። ገርበብ ብሎ የሚቀር በር ያለበት ቤት ምን ቢያምር ጠባብ ነው፤ ጥበቱ ገና ሳይገባ ይጀምራልና።

የአያቴ ቤት ሐይቅ አካባቢ ነበር። ክብ የጭቃ ቤት፣ ከእኔ ሳሎን ብዙም የማይበልጥ። ነገር ግን ሃያ ሰው ሲገባበት እንኳ ጠቦን አያውቅም። ምክንያቱ የገባኝ ራሴ ቤት ይዤ ከተቸገርኩ በኋላ ነው። መቀመጫው ግድግዳውን ይዞ የሚዞር መደብ ነው። ዕቃው ኩላብ ላይ፣ ማለት ግድግዳው ላይ በተተከለ መስቀያ ላይ፣ ተሰቅሏል። ከዘወትር ዕቃ የሚተርፈው ቆጥ ላይ ወጥቷል። መሃሉ ባዶ ነው፤ መሃል ላይ እሳትና ሰው እንጂ ዕቃ አይቀመጥም። እኛ ግን ፎቅ ቤት ስንገባ መደቡን ለሶፋ፣ ኩላቡን ለቁም ሳጥን፣ ቆጡን ለቡፌ ለወጥን፤ ሁሉም መሬት ወርዶ መሃሉን ያዘው። እኔ ያደረግሁት መልሼ ወደ ግድግዳና ወደ ላይ መላክ ነው።

ሶፋውን ለመደብ

ስንጋባ ባለ ሦስት፣ ባለ ሁለትና ባለ አንድ መቀመጫ ሶፋ ገዛን። እንግዳ ቢመጣ የት ይቀመጣል ብለን ነው፤ ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ሶፋው ሲገባ ግን በሩ ሙሉ በሙሉ መከፈት አቆመ፣ ልጆቹ መሬት ላይ መጫወት አቆሙ። አንድ ቀን ሜትሬን አንስቼ የሶፋውን ክንድ ለካሁ፦ አንዱ ክንድ 25 ሳንቲም። ሦስቱ ሶፋዎች ስድስት ክንድ አላቸው። አንድ ሜትር ተኩል ሙሉ ማንም የማይቀመጥበት ክንድ! ጥልቀቱ ደግሞ 90 ሳንቲም ነው፤ ሰው ተደግፎ ለመቀመጥ 60 ይበቃዋል።

ሶፋውን ሸጠን በዚያው ገንዘብ አናጢ ጋ መደብ አሠራን። ረጅሙን ግድግዳ ይዞ 3 ሜትር ከ30 ይሄዳል፣ ጥልቀቱ 60፣ ከፍታው ከነስፖንጁ 45 ሳንቲም ነው። ለአንድ ሰው 55 ሳንቲም ብትሰጡ ስድስት ሰው ያስቀምጣል፤ ሶፋው ይዞት የነበረው ያው ስድስት ሰው ነው። በማዶ ያለው የቲቪ ማስቀመጫ 35 ሳንቲም ይወስዳል። መሃል ላይ 2 ሜትር ከ45 ነፃ ወለል ቀረን፤ ከበሩ እስከ መስኮቱ አንድም ነገር ሳያደናቅፍ።

ልታሠሩ ከፈለጋችሁ ለአናጢው እንዲህ በሉት። አጽሙ ከሞራሌ እንጨት፣ ልባሱ ኮምፔንሳቶ ከሚባለው ስስ ጣውላ ይሁን። ወደ መስኮቱ ያለው 2 ሜትር ከ20 ሳጥን ይሁን፤ ክዳኑ ግን አንድ ወጥ ሳይሆን ለሦስት የተከፈለ ይሁን፣ አለበለዚያ አንድ ብርድ ልብስ ለማውጣት ሰው ሁሉ ይነሳል። ወደ በሩ ያለችው የቀረችው 1 ሜትር ከ10 ሳጥን አይኑራት፤ በእግር ትቁምና ሥሯ ክፍት ይሁን። ይህቺን ነገር ችላ አትበሉ። ከበር የገባ ዓይን ወለሉ ከመቀመጫው ሥር አልፎ ሲሄድ ካየ ክፍሉ እዚያም ይቀጥላል ብሎ ያምናል። በሳጥኑ ጀርባ ላይ የአውራ ጣት ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች ይበሱበት፣ ከግድግዳውም 3 ሳንቲም ይራቅ፤ የደሴ ክረምት እርጥበቱ ብርቱ ነው፣ አየር ያላገኘ ጋቢ በጳጉሜ ስታወጡት ይሸታል። እኛ በሳጥኑ ውስጥ ሁለት የእንግዳ ፍራሽ፣ አራት ብርድ ልብስ፣ የልጆቹን የብርድ ልብሶች እናስቀምጣለን። ከዚህ በፊት ይሄ ሁሉ መኝታ ቤት ጥግ ላይ እስከ ኮርኒሱ ተቆልሎ ነበር።

መደቡ ከመስኮቱ ግድግዳ 40 ሳንቲም ሲቀረው ይቁም፤ ለምን እንደሆነ መጋረጃው ላይ ስደርስ ታዩታላችሁ።

መሃል ላይ ጠረጴዛ የለንም። ለቡና ረከቦቱ ራሱ ጠረጴዛችን ነው፤ ለልጆች ጥናት ግድግዳ ላይ በማጠፊያ የታሰረ፣ ሲፈለግ የሚዘረጋ 40 በ90 ጣውላ አለ። በርጩማዎቹ በረንዳ ላይ ተደራርበው ይውላሉ፣ ሰው ሲመጣ ይገባሉ።

ቆጥ

የኮንዶሚኒየም በር ከፍታው 2 ሜትር ከ10 አካባቢ ነው፤ የእኔ ኮርኒስ 2 ሜትር ከ70 ላይ ነው። ወደ መታጠቢያ ቤት በምትወስደው አጭር መተላለፊያ ላይ ከበሩ በላይ 60 ሳንቲም ባዶ አየር ነበር። እዚያ ላይ ቆጥ አሠራን፤ ግራና ቀኝ አንግል ብረት፣ በላዩ ጣውላ፣ ከፊቱ ሁለት መዝጊያ። መዝጊያውን ከግድግዳው ጋር በአንድ ቀለም ቀባነው፤ የማያውቅ ሰው ቆጥ መሆኑን አይለይም። የበዓል ድስት፣ ሻንጣ፣ ትልቁ መሶብ፣ ያለፈው ዓመት መጻሕፍት እዚያ ናቸው። ደንቡ አንድ ነው፦ በወር ከአንድ ጊዜ በላይ የሚፈለግ ነገር ቆጥ ላይ አይወጣም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ በየቀኑ ወንበር ላይ እየወጣችሁ ዕቃ የምታወርዱ ከሆነ አንድ ቀን ትወድቃላችሁ።

ግድግዳችሁን ሳታውቁ ግን አትብሱት። በጣታችሁ አንኳኩ። ብሎኬት ከሆነ ውስጡ ክፍት ነው፤ ብሎኑ የሚገባበት የፕላስቲክ ፊሸር ረዘም ያለ ይሁን፣ ክብደቱም በአንድ ብሎን ላይ አይውደቅ። አንዳንድ ኮንዶሚኒየም የውስጥ ግድግዳው አግሮስቶን የሚባል ቀላል ሰሌዳ ነው፤ እዚያ ላይ ፎቶና ሰዓት እንጂ ከባድ መደርደሪያ አይሰቀልም፣ ቆጥማ ጨርሶ አይታሰብም። ኮለንና ቢም የሚባሉትን የሕንፃውን አጥንቶች ደግሞ ማንም ቢመክራችሁ አትንኩ።

መጋረጃ

እዚህ ላይ ታገሡኝ፤ እንጀራዬ ነው።

አብዛኛው ሰው የመጋረጃውን ዘንግ ከመስኮቱ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ፣ ወርዱን ከመስኮቱ እኩል አድርጎ ያስተክላል። መስኮቱ 1 ሜትር ከ50 ነው እንበል። መጋረጃው ሲከፈት ግራና ቀኝ ተሰብስቦ በየበኩሉ 25 ሳንቲም ይይዛል። ከመስታወቱ ሲሶው ተሸፈነ ማለት ነው፣ ያውም ቀን ላይ «ተከፍቷል» እየተባለ! በተጨማሪ ጨርቁ ከመስኮቱ ሥር ተቆርጦ ይቀራል፤ ግድግዳው በሦስት ይከፈላል፣ ኮርኒሱም ዝቅ ያለ ይመስላል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ዘንጉን ከኮርኒሱ 10 ሳንቲም ብቻ ዝቅ አደርገዋለሁ። ግራና ቀኝ ከመስኮቱ 30 ሳንቲም እንዲያልፍ አደርጋለሁ፤ ስለዚህ ለ1 ሜትር ከ50 መስኮት ዘንጉ 2 ሜትር ከ10 ይሆናል። መጋረጃው ሲከፈት የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው፤ መስታወቱ ሙሉ ለሙሉ ነፃ ይወጣል። ከውስጥ ላለ ሰው ደግሞ ከጨርቁ ጀርባም መስኮቱ የቀጠለ ይመስለዋል። ታቹ ወለሉ ሊነካ አንድ ሳንቲም ሲቀረው ይቁም። መደቡን 40 ሳንቲም ቀደም ብሎ ያስቆምኩት ለዚህ ነው፤ ጨርቁ ሳይጨማደድ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ዓይን ያንን መስመር ተከትሎ ይወጣል፣ ክፍሉም ቁመት ያገኛል።

ጨርቁስ? ስሱ መጋረጃ የዘንጉን እጥፍ ይፈልጋል፦ 2 ሜትር ከ10 ለሆነ ዘንግ 4 ሜትር ከ20 ግዙ። ወፍራሙ ከእጥፍ ትንሽ ቢያንስም ያምራል። የመጋረጃ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ወርዱ 2 ሜትር ከ80 ስለሆነ ወርዱን ቁመት አድርጋችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፤ መሃል ላይ ስፌት አይኖረውም። ከመሰፋቱ በፊት ውሃ ይንካው። በመጀመሪያ እጥበት አምስት ሳንቲም ያጠረ መጋረጃ ብዙ አይቻለሁ፣ ማስረዘሚያም የለውም። ቀለሙ ከግድግዳው ጋር የተቀራረበ ይሁን። ደማቅ ቀይ፣ ባለ ትልልቅ አበባ መጋረጃ ሲሰቀል መስኮቱ ግድግዳ ይሆናል፤ ዓይን አበባው ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ወደ ውጭ አያልፍም። ደንበኛ አበባ ስትፈልግ እሰፋለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ይህንን ነግሬ ነው። አንዲት የሮቢት እናት ሐሳቤን ሰምታ «አብሽሪ፣ አበባውን ትራሱ ላይ አድርጊልኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ለሌሎችም የምለው ይህንኑ ነው፤ አበባው ትራስ ላይ ሲሆን ከልብ ያምራል።

ፀሐይዋንም እወቋት። እኛ ጋ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አትውልም። ከሚያዝያ 10 ገደማ እስከ ነሐሴ 18 ገደማ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ ናት። መስኮቱ ወደ ደቡብ ያለ ቤት ብርድ በሚበረታበት በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር በቀትር ፀሐይ ያገኛል። የአንዲት ጎረቤቴ መስኮት እንዲህ ነው፤ በታኅሣሥ ብርሃኑ ወለሉ ላይ ከአንድ ሜትር በላይ ሲገባ በጠመኔ አስምረን አይተናል። እንዲህ ያለ መስኮት ስስ መጋረጃ ብቻ ይበቃዋል፣ ቀን ላይ ሙቀቱ ይግባ። የእኔ መስኮት ወደ ጦሳ ነው፤ ከሰዓት ፀሐይ ይገባኛል፣ ግን ተራራው ቶሎ ይከልላታል፣ ብርዱም ወዲያው ይከተላል። ስለዚህ ሁለት ዘንግ አድርጌ ከስሱ ላይ ወፍራም ጨምሬያለሁ፤ አመሻሽ ላይ ይዘጋል፣ ጠዋት ሲነጋ እስከ ጫፍ ይከፈታል።

ኮምቦልቻ ሌላ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ከተማዋ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ሐረጎን ስትወርዱ ጋቢ ይወልቃል። እዚያ ወፍራም መጋረጃ አልመክርም። ስስ፣ ነጭ፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው ጨርቅ ይሁንና መስኮቱ ይከፈት። የሚወዛወዝ መጋረጃ ክፍሉን ወደ ውጭ ይስበዋል። ከቦርከና ወንዝ በኩል የሚመጣ የምሽት ነፋስ እያለ በወፍራም ቬልቬት መታፈን ያሳዝነኛል።

ቀለም፣ መስታወት፣ መብራት

ግድግዳን ለሁለት ከፍሎ ታቹን በቡኒ የዘይት ቀለም፣ ላዩን በነጭ መቀባት ልማዳችን ነው፤ የልጆች እጅ እንዳያቆሽሸው ተብሎ። ያ መስመር ግን ክፍሉን ወገቡ ላይ ይቆርጠዋል። ከታች እስከ ላይ አንድ ቀለም ይሁን፤ የሚታጠብ ፕላስቲክ ቀለም ከሆነ የልጆችም እጅ አያስፈራም። የበሩን መቃንና የብረቱን የመስኮት ፍሬም በዚያው ቀለም ቀቡት፤ ጥቁር ፍሬም በሰማዩ ዙሪያ የተሰመረ አጥር ነው። ኮርኒሱ ንጹሕ ነጭ ይሁን። ለግድግዳው ግን ንጹሕ ነጭ ደሴ ላይ አልወደውም፤ በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ መስኮቱ ድረስ ሲመጣ ነጩ ግራጫ ይሆናል፣ ቤቱ ይበርዳል። ትንሽ ቢጫ የገባበት ክሬም ያንን ብርሃን ያሞቀዋል። ከመግዛታችሁ በፊት 50 በ50 ካርቶን ቀቡና አንድ ቀን ሙሉ ከግድግዳ ግድግዳ እያዟዟራችሁ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እዩት።

ስቱኮውን ከማስለሰላችሁ በፊት ሻጋታ ካለ ምክንያቱን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቁም ሳጥን ከውጭው ግድግዳ ጋር ተለጥፎ መቆሙ ነው። አምስት ሳንቲም አርቁት፣ ጠዋት ጠዋት ቢበርድም ሩብ ሰዓት መስኮት ክፈቱ።

መስታወት ሁሉም ሰው ይመክራል፣ የት እንደሚሰቀል ግን ማንም አይናገርም። መስታወት የሚያበዛው ፊቱ ያለውን ነው፤ ፊቱ የተቆለለ ዕቃ ካለ ዕቃው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ሆናችሁ ሥሩ። አንዳችሁ በሩ ላይ ቁሙ፣ ሌላችሁ መስታወቱን ይዛችሁ በጎን ግድግዳው ላይ ቀስ እያላችሁ ተንቀሳቀሱ። በሩ ላይ ያለው ሰው በመስታወቱ ውስጥ መስኮቱን ሲያይ «እዚያ ላይ!» ይበል፤ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። የእኔ 60 በ120 ነው፣ መስታወት ቤት አስቆርጬ ጠርዙን አስሞርጄዋለሁ። ከበሩ ስገባ ጦሳን ሁለት ጊዜ አየዋለሁ፦ አንዴ በመስኮቱ፣ አንዴ በመስታወቱ።

መብራት ላይ ስህተቱ አንድ አምፖል መሃል ኮርኒሱ ላይ ሰቅሎ መተው ነው። ጥጎቹ ይጨልማሉ፤ የጨለመ ጥግ ደግሞ ከቤቱ የተቆረጠ ነው። አንዱን ትልቅ አምፖል በሦስት ትንንሽ ቀይሩ፦ አንዱ ከቲቪው ጀርባ፣ አንዱ መደቡ ጫፍ፣ አንዱ መተላለፊያው ላይ። አምፖሉ ካርቶን ላይ 3000 ኬልቪን የሚለው ሞቅ ያለ ቢጫማ ነው፤ 6500 የሚለው ነጭ፣ ሰማያዊ የሚቀላቅል ነው። ለሳሎንና ለመኝታ የመጀመሪያውን፣ ለወጥ ቤት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። አንደኛው ቻርጅ የሚይዝ ቢሆን መብራት ሲጠፋ ይረዳል።

ወጥ ቤት

ስለ ወጥ ቤት ብዙ አልልም፤ ቦታው ያው ነው። ሁለት ነገር ብቻ። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ትልቁን ቦታ ይወስዳል፤ ባለ ጎማ የብረት ማስቀመጫ አሠርታችሁ ከመደርደሪያው ሥር ይግባ፣ ሲፈለግ ይጎተት። ግቢያችሁ የጋራ ማብሰያ ሕንፃ ካለው እንጀራውን እዚያ ጋግሩ፤ ቤቱ ከእንፋሎትም ይድናል። ሁለተኛው ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ጄሪካን የሌለው ቤት የለም። አንዱ ባለ 20 ሊትር ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ መደርደሪያ ላይ አይወጣም፣ ወለሉ ላይ ከእቃ ማጠቢያው ሥር በአንድ ረድፍ ይሁንና ከፊቱ ግድግዳ የመሰለች መጋረጃ ይውረድ። ያቺን መጋረጃ ለደንበኞቼ ከትራፊ ጨርቅ በነፃ እሰፋለሁ።

ተከራይ ከሆናችሁ

«ግድግዳ እንዳትበሱ» የሚል አከራይ ካለ ለዘንግ ቱቦላሬ የሚባለውን ውስጡ ክፍት ብረት በሁለት እግር አቁማችሁ መጠቀም ይቻላል፤ ስትለቁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። መስታወቱ መደቡ ጫፍ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ይቁም፣ ሥሩ እንዳይንሸራተት ላስቲክ ይኑረው። መደቡን በሦስት ተለያይቶ በደረጃ የሚወርድ አድርጋችሁ አሠሩት፤ እኔም እንደዚያ ነው ያሠራሁት፣ ነገ የት እንደምንገባ አይታወቅምና። ቀለም መቀባት ካልተፈቀደ ደግሞ ትልቅ ምንጣፍ ላይ ገንዘባችሁን አውሉት። ሦስት ትንንሽ ምንጣፍ ወለሉን ይቆራርጠዋል፤ አንድ 2 በ3 ሜትር የሆነ ነጠላ ቀለም ያለው አንድ ያደርገዋል።

ቡፌና ጫማ

በመጨረሻ የቀረን የአማቴ ቡፌ ነበር። የዋንዛ፣ ባለ መስታወት፣ ከእኔ የሚረዝም፣ ሙሽራ ሆነው የገቡበት። በበሩና በመስኮቱ መሃል ልክ እንደ ዘብ ቆሞ ነበር። እንዲሸጥ መጠየቅ አልደፈርኩም፣ ልቤም አልፈቀደም። አንድ ቅዳሜ ቡና አፍልቼ «እማማ፣ ቡፌውን ከሁለት ብንከፍለውስ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። በረካው ላይ «መስታወቱ እንዳይሰበር እንጂ ልጄ» አሉ። አናጢው ላይኛውንና ታችኛውን ለየው። ታችኛው ዛሬ የቲቪ ማስቀመጫችን ነው፤ ጥልቀቱን ወደ 35 ሳንቲም ዝቅ አደረገልን። ላይኛው መስታወቱ እንዳለ ከኮርኒሱ ሥር ተሰቀለ፣ በአራት ቦታ ኮለኑ አጠገብ ባለው ጠንካራ ግድግዳ ላይ ታስሮ፤ ሲኒዎቻቸውና የሰርግ ፎቷቸው እዚያ አሉ። እሳቸውም ሲመጡ መደቡ ላይ ትክክል ከፊቱ ነው የሚቀመጡት።

በመውሊድ ዕለት ጎረቤቶቻችንና ዘመዶቻችን ተሰብስበው ልጆቹ ሳይቆጠሩ 11 ሰው ሆንን፤ ስድስቱ መደቡ ላይ፣ አምስቱ በርጩማ ላይ፣ ልጆቹ መሃል ምንጣፉ ላይ። ማንም ለማንም «ተጠጋ» አላለም። አንድ ነገር ብቻ ረስቼ ነበር። 11 ሰው ማለት 22 ጫማ ነው፤ በሩ ላይ ተከምሮ በሩ እንደገና ገርበብ ብሎ ቀረ። በማግስቱ አናጢውን ጠርቼ ከበሩ ጀርባ ሳይሆን ከውጭ መተላለፊያው ግድግዳ ላይ፣ ጎረቤቶቼን አስፈቅጄ፣ ጥልቀቱ 18 ሳንቲም የሆነ ጫማ በቁሙ የሚገባበት መደርደሪያ አሠራሁ። 24 ጫማ ይይዛል።